የፈርምዌር ክስተት አያያዝ ኮድ ግምገማ

የፈርምዌር ክስተት አያያዝ ኮድ ግምገማ ማለት ከኮምፒዩተሩ ፈርምዌር የሚመጡ መልእክቶችን በሚያስተናግደው የከርነል ክፍል ላይ የቀረበ የኮድ ለውጥ ወደ ዋናው ኮድ ከመግባቱ በፊት በሌሎች ሰዎች ተነቦ፣ ተጠይቆና ተፈትኖ የሚጸድቅበት ወይም የሚመለስበት ሥራ ነው። የመብራት መጥፋት፣ የባትሪ መድከም፣ የላፕቶፕ ክዳን መዘጋት፣ የማብሪያ ቁልፍ መጫንና የሙቀት መጨመር ሁሉ በዚህ መንገድ ለስርዓተ ክወናው የሚነገሩ ክስተቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው የሊኑክስ ከርነልን ነው፤ የሊኑክስ ኮድም ሆነ የግምገማው ሂደት ለማንም ሰው ክፍት ነውና።

ይህ ግምገማ ከሌላ የኮድ ግምገማ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች አንዱ፣ ማለትም ከርነሉ፣ የሚታይና የሚታረም ነው። ሌላው፣ ማለትም ፈርምዌሩ፣ ከፋብሪካ ወጥቶ በየሰዉ ቤትና ቢሮ በተበተኑ ማሽኖች ውስጥ ተቀምጧል፤ ገምጋሚው አብዛኛውን አይቶት አያውቅም፣ ሊለውጠውም አይችልም። ስለዚህ ገምጋሚው «ይህ ኮድ በደንቡ መሠረት ትክክል ነው ወይ?» ብሎ ብቻ አያቆምም። «እስከ ዛሬ በደህና ይሠራ የነበረ የማንን ማሽን ያበላሻል?» ብሎም ይጠይቃል።

መነሻ

ፈርምዌር በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ተጽፎ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚሸጥ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው እሱ ነው። በቀድሞዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ባዮስ ይባል ነበር፤ በአሁኖቹ ላይ ቦታውን ዩኢኤፍአይ ወስዷል። ከርነል ደግሞ የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ማስታወሻን፣ ፕሮሰሰርንና መሣሪያዎችን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው እሱ ነው። የሊኑክስን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ኤፒኤም የተባለ የኃይል አጠቃቀም ደንብ አውጥተው ነበር። በዚያ ደንብ ማሽኑ መቼ ይተኛ፣ መቼ ይነሣ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ፈርምዌሩ ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን አዲስ ደንብ አወጡ። በዚህኛው ውሳኔው ወደ ስርዓተ ክወናው ተዛወረ፤ የፈርምዌሩ ድርሻ ምን መሣሪያ እንዳለና ምን እንደ ተከሰተ መናገር ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደንቡን የሚያስተዳድረው የዩኢኤፍአይ ፎረም ነው።

ፈርምዌሩ ለከርነሉ የሚሰጠው መረጃ በሰንጠረዦች ተሰድሮ ይቀርባል። ከሰንጠረዦቹ አንዳንዶቹ መረጃ ብቻ ሳይሆኑ ኤኤምኤል በሚባል ቋንቋ የተጻፉ ትናንሽ ፕሮግራሞችን ይይዛሉ። ከርነሉ እነዚህን ፕሮግራሞች የሚያነብና የሚፈጽም አስተርጓሚ በውስጡ አለው፤ ይህም ኤሲፒአይሲኤ ይባላል። የተዘጋጀው በኢንቴል መሪነት ሲሆን ከሊኑክስ ሌላ ፍሪቢኤስዲም ይጠቀምበታል። እንግዲህ ከርነሉ የማያውቀው ሰው የጻፈውን ፕሮግራም በራሱ ሥልጣን ይፈጽማል ማለት ነው። በዚህ ክፍል ላይ ለሚደረግ ለውጥ የሚሰጠው ጥንቃቄ ከዚህ ይመነጫል።

የአንድ ክስተት ጉዞ

ግምገማው ምን እንደሚመለከት ለመረዳት የአንድን ክስተት መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተል ይጠቅማል። በደቡብ ወሎ በሐይቅ ከተማ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ሰክቶ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጻፈ ሳለ መብራት ጠፋ እንበል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ የሚሆነው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

1. በላፕቶፑ ውስጥ ኤምቤድድ ኮንትሮለር የሚባል፣ ባትሪውንና ማራገቢያውን፣ ብዙ ጊዜም የቁልፍ ሰሌዳውን የሚከታተል ትንሽ ፕሮሰሰር አለ። ከቻርጀሩ የሚመጣው ኃይል መቋረጡን መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው።

2. ኮንትሮለሩ ጂፒኢ ከሚባሉት የክስተት መስመሮች ለእሱ የተመደበውን ያነሣል። እያንዳንዱ ጂፒኢ ሁለት ቢት አለው፤ አንደኛው «ተከስቷል» የሚል የሁኔታ ቢት፣ ሁለተኛው «ልስማው» የሚል የፈቃድ ቢት ነው። ሁለቱም ሲበሩ ኤስሲአይ የተባለው ኢንተራፕት ወደ ፕሮሰሰሩ ይላካል። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ይህ ኢንተራፕት አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 9 ነው።

3. ከርነሉ ይሠራ የነበረውን ለቅጽበት ያቆምና የትኛው ጂፒኢ እንደ ተነሣ ይመረምራል። በኢንተራፕት ውስጥ ሆኖ ረጅም ሥራ መሥራት ስለማይችል ቀሪውን ሥራ ወረፋ ውስጥ አስገብቶ ይመለሳል።

4. የወረፋው ተራ ሲደርስ ከርነሉ ኮንትሮለሩን «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ኮንትሮለሩ በቁጥር ይመልሳል። ከርነሉም ለዚያ ቁጥር ፈርምዌሩ ያዘጋጀውን የኤኤምኤል ፕሮግራም ይፈጽማል።

5. ፕሮግራሙ ቻርጀሩን ለሚወክለው መሣሪያ ማስታወቂያ ይልካል። የማስታወቂያው ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት አጻጻፍ 80 ነው፤ ትርጉሙም «ሁኔታዬ ተለውጧል» እንደ ማለት ነው። የቻርጀሩ ድራይቨር ይህን ሲሰማ ሁኔታውን መልሶ ያነባል፤ መልሱ 0 ከሆነ መብራት የለም፣ 1 ከሆነ አለ ማለት ነው።

6. ከርነሉ ለውጡን ለተጠቃሚው ፕሮግራሞች ያሳውቃል። በስክሪኑ ጥግ ያለው ምልክት ወደ ባትሪ ይቀየራል፣ የስክሪኑም ብርሃን ይቀንሳል።

ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ተመሳሳይ ጉዞ በባትሪው መሣሪያ በኩል ይደገማል። ድራይቨሩ ቀሪውን ኃይልና «እጅግ ዝቅ ብሏል» የሚለውን ምልክት ያነባል፤ ፕሮግራሞቹም ሥራውን አስቀምጠው ማሽኑን በሥርዓት ያጠፉታል። ከእነዚህ ስድስት ደረጃዎች በአንዱ ላይ ክስተቱ ከጠፋ፣ ክስተቱን ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም የሚያውቀው ነገር አይኖርም፤ ማሽኑ ድንገት ይጠፋል፤ ተማሪው ያላስቀመጠው ገጽም አብሮ ይሄዳል። ኮዱን የጻፈው ሰው መብራት በማይጠፋበት ከተማ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ስህተቱን በራሱ ማሽን ላይ ላያየው ይችላል።

ውሉና አነባበቡ

ኤሲፒአይ በፈርምዌር ጸሐፊና በከርነል ጸሐፊ መካከል የተደረገ ውል ነው ማለት ይቻላል። ውል በሁለት ወገን ሁለት ዓይነት ሊነበብ እንደሚችል ለአምባሰል አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣልያ በኩል መጠቀም እንደምትችል ሲናገር፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። ልዩነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ለተቋጨው ግጭት ዋና ምክንያት ሆነ። የኮምፒዩተሩ ጉዳይ ከዚህ ጋር በክብደት የሚወዳደር አይደለም፤ የችግሩ ቅርጽ ግን አንድ ነው። አንዱ ወገን «ይችላል» ብሎ ያነበበውን ሌላው «አለበት» ብሎ አንብቦ ማሽን ሠርቶ ሸጧል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ፈርምዌሩ «የምትሠራብኝ ስርዓተ ክወና ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ዘዴ ነው። ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ ለዚህ ጥያቄ «ሊኑክስ ነኝ» ብሎ አይመልስም፤ የተለያዩ የዊንዶውስ ስሪቶች ስም ሲጠራ ግን «አዎን» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ማሽናቸውን የሚፈትኑት በዊንዶውስ ስለሆነ፣ በደንብ የተፈተነው የፈርምዌር መንገድ ለዊንዶውስ የተዘጋጀው ነው። ዊንዶውስ ያለፈው የፈርምዌር ስህተት ሳይታረም ለገበያ ይወጣል። በዚህ የተነሣ ለገምጋሚው ሕግ የሚሆነው የደንቡ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ የዊንዶውስ ልማድና በሰው እጅ ያሉት ማሽኖች ጠባይም አብረው ይቆጠራሉ።

የግምገማው ሂደት

በሊኑክስ ከርነል አንድ የለውጥ ሐሳብ ፓች ይባላል። ፓቹ የሚጨመሩትንና የሚቀነሱትን የኮድ መስመሮች፣ ከዚያም በላይ ለምን እንደሚለወጡ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይይዛል። ከርነሉ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ሜንቴይነር የሚባል ኃላፊ አለው፤ የኃላፊዎቹ ስም ዝርዝር ከኮዱ ጋር አብሮ ይቀመጣል። የኤሲፒአይ ክፍል ሜንቴይነር ራፋኤል ዊሶትስኪ ነው። በአስተርጓሚው፣ ማለትም በኤሲፒአይሲኤ ላይ የሚደረግ ለውጥ መጀመሪያ ወደ ኤሲፒአይሲኤ ፕሮጀክት ሄዶ ከዚያ ወደ ሊኑክስ እንዲመጣ ይጠበቃል፤ አለዚያ ሁለቱ ቅጂዎች እየተራራቁ ይሄዳሉ።

ከፓቹ በታች የሚጻፉ መስመሮች የኃላፊነት ሰንሰለቱን ያሳያሉ። «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» የሚለው መስመር ኮዱን የማቅረብ መብት እንዳለው ጸሐፊው የሚያረጋግጥበት ፊርማ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። «ሪቪውድ-ባይ» ኮዱን አንብቦ የተስማማበትን ገምጋሚ፣ «ቴስትድ-ባይ» በማሽኑ ላይ የሞከረውን፣ «ሪፖርትድ-ባይ» ችግሩን ያመለከተውን ሰው ስም ይይዛል። «ፊክስስ» የሚለው ደግሞ ስህተቱን ያስገባው የቀድሞ ለውጥ የትኛው እንደ ሆነ ይጠቁማል፤ ይህም ጥገናው ወደ የትኞቹ የቆዩ ስሪቶች መመለስ እንዳለበት ለማወቅ ይረዳል። ሁሉም መዝገብ የሚያዘው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው ጊት በተባለው ፕሮግራም ነው።

አዲስ የከርነል ስሪት በ9 ወይም በ10 ሳምንት አንድ ጊዜ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አዳዲስ ለውጦች የሚገቡበት ጊዜ ነው፤ ቀሪው ጊዜ ለሙከራና ለጥገና የተተወ ነው። በክስተት አያያዝ ላይ የሚደረግ ትልቅ ለውጥ በሙከራው ጊዜ መገባደጃ ቢቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ለሚቀጥለው ስሪት ይቆያል። ኮዱ በተለያዩ አቀማመጦች መገንባቱን የሚፈትሹ ራስ ሠር ሙከራዎችም አሉ፤ ነገር ግን እነሱ በሰው ቤት ያለውን ፈርምዌር አያውቁትም።

ለፓቹ የሚጻፈው ማብራሪያ ራሱ ከግምገማው ዕቃዎች አንዱ ነው። «የባትሪ ስህተት ተስተካከለ» የሚል መግለጫ ይመለሳል። ተቀባይነት ያለው መግለጫ ተጠቃሚው ምን እንዳየ፣ በየትኛው የማሽን ሞዴልና የፈርምዌር ስሪት እንዳየ፣ የችግሩ ሥር ምን እንደ ሆነና ለውጡ ለምን ሌሎች ማሽኖችን እንደማይጎዳ ያስረዳል። ከ5 ዓመት በኋላ ያንን መስመር የሚያነብ ሰው ጸሐፊውን ማግኘት ላይችል ይችላል፤ የሚያገኘው መዝገቡን ብቻ ነው።

ገምጋሚው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ኮዱ የሚሠራው የት ሆኖ ነው? በኢንተራፕት ውስጥ የሚሠራ ኮድ መጠበቅ ወይም መተኛት አይፈቀድለትም። የፈርምዌሩ የኤኤምኤል ፕሮግራም ግን «ይህን ያህል ሚሊሰከንድ ጠብቅ» የሚል ትእዛዝ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ገምጋሚው አዲሱ ኮድ የሚጠራቸውን ተግባሮች አንድ በአንድ ተከትሎ ከመካከላቸው የሚጠብቅ እንዳለ ያያል። በወረፋ ውስጥ መሥራትም የራሱ ወጥመድ አለው። የማስታወቂያ አስተናጋጅን ማንሣት የጀመሩ ማስታወቂያዎች እስኪያልቁ መጠበቅን ይጠይቃል። ይህን ሥራ አስተናጋጁ ራሱ፣ ገና እየሠራ ሳለ ቢጠራው፣ የራሱን መጨረስ ሲጠብቅ ለዘላለም ይቆማል።

የሁኔታው ቢት የሚጠፋው መቼ ነው? ጂፒኢዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቢቱ መጥፋት ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። በኋላ ከጠፋ፣ በመካከል የመጣ ሁለተኛ ክስተት አብሮ ይደመሰሳል። ሁለተኛው ምክንያቱ እስኪወገድ ድረስ በርቶ የሚቆይ ነው፤ በዚህኛው ቢቱ የሚጠፋው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። አስቀድሞ ቢጠፋ ምክንያቱ ገና ስላለ ወዲያው መልሶ ይበራል። ሁለት መስመሮችን ያቀያየረ ፓች በወረቀት ላይ ምንም ያልለወጠ ይመስላል፤ በማሽን ላይ ግን የጠፋ ክስተት ወይም የማያቋርጥ ኢንተራፕት ሊያስከትል ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ሲገባና ሲወጣ ትክክል ነው? ድራይቨር ሥራ ሲጀምር ማስታወሻ ይይዛል፣ የመሣሪያውን ሁኔታ ያነባል፣ አስተናጋጁን ይመዘግባል። አስተናጋጁ ከተመዘገበበት ቅጽበት ጀምሮ ክስተት ሊመጣ ይችላል። ማስታወሻው ሳይዘጋጅ አስተናጋጁ ከተመዘገበ፣ በዚያች ክፍተት የመጣ ክስተት ባዶ አድራሻ ነክቶ ከርነሉን ይጥላል። ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ አስተናጋጁ ይነሣል፣ ማስታወሻው የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። የመውጫው ቅደም ተከተል የመግቢያው ግልባጭ መሆኑን ማየት ገምጋሚው ከሚያደርጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው። በመካከል አንድ እርምጃ ሲከሽፍ የተሠራው ሁሉ ወደ ኋላ መመለሱም ይታያል።

ክስተቱ ቢበዛስ? አንዳንድ ፈርምዌር አንድን ጂፒኢ ያለማቋረጥ ያነሣል፤ ይህም የጂፒኢ ውርጅብኝ ይባላል። ለተጠቃሚው የሚታየው ማራገቢያው ሳያርፍ መጮኹ፣ ማሽኑ መጋሉና ባትሪው ቶሎ ማለቁ ነው። ከርነሉ እያንዳንዱ ጂፒኢ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ስለሚቆጥር ጥፋተኛውን መስመር ማወቅ ይቻላል፤ ማሽኑ ሲነሣ በሚሰጥ ትእዛዝም ያን መስመር ማፈን ይቻላል። ማፈን ግን መድኃኒት አይደለም፤ በዚያው መስመር የሚመጣ የክዳን ወይም የባትሪ ክስተትም አብሮ ይታፈናል። ስለዚህ «ይህን ጂፒኢ እንዝጋው» የሚል ፓች ሲቀርብ ገምጋሚው በመስመሩ ላይ ሌላ ምን እንደሚመጣ ይጠይቃል።

ማሽኑ ተኝቶ ሳለስ? በዘመናዊ ላፕቶፖች ላይ ከርነሉ በቀላል እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ የፈርምዌር ክስተቶችን ይሰማል፤ የትኛው ክስተት ማሽኑን ሊቀሰቅስ እንደሚገባም ይወስናል። ለሁሉም ክስተት ከነቃ ማሽኑ በቦርሳ ውስጥ እንዳለ ተነሥቶ ይግላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ለማንም ካልነቃ ባለቤቱ ቁልፉን ቢጫን አይነሣም። በዚህ አካባቢ የሚቀርብ ለውጥ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን እንዳያጠፋ በሁለቱም በኩል ይፈተናል።

ለአንድ ማሽን የተጻፈ መፍትሔ ነው? አንዳንድ ጊዜ ብቸኛው መንገድ የማሽኑን አምራች፣ ሞዴልና የፈርምዌር ስሪት በዝርዝር መዝግቦ «ለዚህ ማሽን እንዲህ አድርግ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲበዛ ኮዱ የማሽን ስም መዝገብ ይሆናል፤ ሥር ያለው ስህተትም ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ገምጋሚው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ስህተቱ በእርግጥ የፈርምዌሩ ነው ወይስ የከርነሉ? ያው ማሽን በዊንዶውስ ደህና የሚሠራው በምን ምክንያት ነው? ስሙ የተጻፈበት መንገድስ ያልታሰቡ ሌሎች ሞዴሎችን አይነካም?

የክዳኑ ጉዳይ

ከላይ የተባለውን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ የላፕቶፕ ክዳን ነው። በደንቡ መሠረት ከርነሉ ክዳኑን ሲጠይቅ «ክፍት» ወይም «ዝግ» የሚል መልስ ያገኛል፣ ሁኔታው ሲለወጥም ማስታወቂያ ይደርሰዋል። በተግባር ግን በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ፈርምዌሩ ክዳኑ ሲዘጋ ይናገራል፣ ሲከፈት ግን ዝም ይላል። በሌሎች ላይ ማሽኑ ከእንቅልፉ ሲነሣ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ መልሱ «ዝግ» ሆኖ ይቆያል። ከርነሉ ያመነውን ለፕሮግራሞች ሲያስተላልፍ እነሱ ማሽኑን መልሰው ያስተኙታል፤ ባለቤቱ ሲቀሰቅሰው መልሶ ይተኛል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ማሽኑ ሲነሣ የክዳኑ የመጀመሪያ ሁኔታ በምን እንደሚወሰን ተጠቃሚው እንዲመርጥ ተደረገ፤ ፈርምዌሩን መጠየቅ፣ ሁልጊዜ «ክፍት» ነው ማለት፣ ወይም ምንም አለማለት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይመርጡ የሚገኘው አሠራር «ሁልጊዜ ክፍት» እንዲሆን ተቀየረ። ይህ ለችግረኞቹ ማሽኖች ደህና ነበር። ነገር ግን ላፕቶፓቸውን ክዳኑን እንደ ዘጉ ከውጭ ስክሪን ጋር አገናኝተው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ ከርነሉ «ክዳኑ ክፍት ነው» ሲል የመግቢያው ገጽ በተዘጋው ክዳን ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ መታየት ጀመረ። በዚያው ዓመት ለውጡ ተሽሮ የቀድሞው አሠራር ተመለሰ።

ኮዱ በራሱ ጉድለት አልነበረበትም፤ የጎደለው በግምገማው ላይ «ክዳኑን ዘግቶ የሚሠራ ሰውስ?» የሚል ጥያቄ ነበር። የሁለቱም ወገን ማሽን የእውነት ነው፤ አንዱን ለማዳን ይሠራ የነበረውን ሌላውን መስበር ግን በሊኑክስ ልማድ አይፈቀድም። ትናንት የሠራ ነገር ዛሬ በአዲሱ ከርነል ካልሠራ፣ ምክንያቱ ምንም ያህል የተማረ ቢሆን ለውጡ ይታረማል ወይም ይመለሳል። ከዚህ በኋላ የከርነሉ ሰነድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በክዳኑ መዘጋት ማስታወቂያ እንጂ በመከፈቱ ማስታወቂያ ላይ እንዳይመኩ ይመክራል።

በኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚሠራው ከውጭ አገር ተጠቅመውበት በመጣ ላፕቶፕ ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች አምራቹ የፈርምዌር ማሻሻያ ማውጣት ካቆመ በኋላም ለዓመታት ያገለግላሉ። ባትሪያቸው የደከመ ስለሚሆን የባትሪ ማስታወቂያ በወቅቱ መድረሱ ከአዲስ ማሽን ይልቅ ለእነሱ ይበልጥ ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ የቻርጀሩ ክስተት በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ሌላ ቦታ በወር አንዴ የሚታይ የቅደም ተከተል ስህተት እዚህ ቶሎ ይገለጣል። ለገምጋሚዎች የሚጎድላቸውም ይኸው ነው፤ በእጃቸው የሌለ ማሽንና በአካባቢያቸው የማያጋጥም ሁኔታ።

ስለዚህ በወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ወይም በየትኛውም ቦታ ያለ የኮምፒዩተር ተማሪ በዚህ ሥራ ለመግባት የግድ አዲስ ኮድ በመጻፍ መጀመር የለበትም። በአዲስ ከርነል ላይ የተበላሸ ክስተት ያገኘ ሰው የሚከተሉትን ቢያዘጋጅ ለገምጋሚው ትልቅ እርዳታ ነው፦

- በደህና ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ስሪትና የተበላሸው የመጀመሪያው ስሪት ቁጥር፤
- የማሽኑ ሞዴልና የፈርምዌሩ ስሪት፤
- ኤሲፒአይደምፕ በተባለው መሣሪያ የተገለበጡ የፈርምዌሩ ሰንጠረዦች፤
- ክስተቱ ከመፈጠሩ በፊትና በኋላ የተወሰደ የጂፒኢዎች ቆጠራና የከርነሉ መልእክት መዝገብ።

ከሁሉ በላይ የሚረዳው ጊት ባይሴክት የሚባለው ፍለጋ ነው። ፍለጋው በደህናውና በተበላሸው ስሪት መካከል ያሉትን ለውጦች ለሁለት እየከፈለ ጥፋተኛውን ያጠባል። በሁለት ተከታታይ ስሪቶች መካከል ብዙውን ጊዜ ከ10,000 በላይ ለውጦች ይኖራሉ፤ ሆኖም 14 ያህል ጊዜ ገንብቶ በመሞከር ከእነሱ ውስጥ አንዱን ነጥሎ ማውጣት ይቻላል። በደካማ ማሽን ላይ ከርነል መገንባት ሰዓታት ስለሚወስድ ይህ የቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልዩ እውቀት ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

ፍለጋውን የሠራው ሰው ስም «ሪፖርትድ-ባይ»፣ ጥገናውንም በማሽኑ ላይ ከሞከረ «ቴስትድ-ባይ» ተብሎ ከፓቹ ጋር በቋሚነት ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ ያንን የኮድ መስመር ሊለውጥ የሚነሣ ገምጋሚ መዝገቡን ሲያነብ መስመሩ የተጻፈው ለየትኛው ማሽን ብሎ እንደ ነበር ያያል፤ አዲሱ ለውጥም ያንን ማሽን እንዳያበላሽ ይጠይቃል።